ራግን በክራርና በማሲንቆ፦ ከወሎ ቅኝቶች ተነሥቶ የህንድ ክላሲካል ሙዚቃን ማድመጥ

የህንድ ፊልም ዘፈን ደሴም ኮምቦልቻም ለማንም እንግዳ አይደለም። ክላሲካሉ ሲከፈት ግን ብዙ ሰው አምስት ደቂቃ አይታገሠውም። ምት የለ፣ ግጥም የለ፣ አንድ ሰው አንዲት ድምፅ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺሆዬ ገና በመጀመሪያው ሐረግ የሚለይ የወሎ አድማጭ ግን እዚህ ሙዚቃ ውስጥ የሚያውቃቸው ድምፆች ሞልተውለታል። አራቱ ቅኝቶቻችን ሁሉም፣ አንዳንዶቹ ሙሉ በሙሉ አንዳንዶቹ በከፊል፣ የህንድ ዘመድ አላቸው፤ ህንዶች የዜማውን ቅኝት ከነአካሄዱ ራግ ይሉታል።

የሚከተለው ክራር ወይም ማሲንቆ በእጁ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። ሁለቱም ለሌሉት በስልክ ላይ ያለ ፒያኖ ይበቃዋል፤ የሚጎድልበት ድምፅን ከድምፅ የሚያያይዘው ጉተታ ብቻ ነው።

ምን ያስፈልጋል

ስድስት ክር ያለው ክራር፣ መቃኛ መተግበሪያ ያለው ስልክ፣ ሌላ የታንፑራ መተግበሪያ። ታንፑራ በህንድ ሙዚቃ ከጀርባ ሳያቋርጥ የሚያዜመው ባለ አራት ክር መሣሪያ ነው፤ ዜማ አይጫወትም፣ መነሻውን ድምፅና አብዛኛውን ጊዜ አምስተኛውን ይዞ ይቆያል። ነጻ መተግበሪያዎች ሞልተዋል። ስልኩን ከትንሽ ድምፅ ማጉያ ጋር አያይዙት፤ የስልኩ ድምፅ ብቻውን ቀጭን ስለሆነ ወፍራሙን ክር አያሰማም፣ ጆሮም የሚደገፍበት ያጣል።

ስለ ክራሩ አንድ ማሳሰቢያ። ደሴ በብርዱ ላይ የተቃኘ ክራር ቁልቁል ኮምቦልቻና ባቲ ሲወርድ ቅኝቱ ይሸሻል፤ በክረምት ደግሞ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይላላል። ቦታ ከቀየራችሁ መሣሪያውን ሩብ ሰዓት ያህል አሳርፉትና ከዚያ ቃኙ። አዲስ የናይለን ክር ከሆነማ ሁለት ሦስት ቀን እስኪለጠጥ አታምኑት።

ሰባቱ ድምፆች

ህንዶች ድምፆቹን ሳ፣ ሬ፣ ጋ፣ ማ፣ ፓ፣ ዳ፣ ኒ ይሏቸዋል። ሳ መነሻው ነው፤ ፓ አምስተኛው። እነዚህ ሁለቱ አይነቃነቁም። ሬ፣ ጋ፣ ዳ እና ኒ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ሊሉ ይችላሉ፣ ያኔ ኮማል ይባላሉ። ማ ብቻ ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ያኔ ቲቭራ ማ ነው። በጠቅላላው 12 ድምፅ።

ከሳ ተነሥታችሁ በግማሽ ድምፅ ስትቆጥሩ ኮማል ሬ 1፣ ሬ 2፣ ኮማል ጋ 3፣ ጋ 4፣ ማ 5፣ ቲቭራ ማ 6፣ ፓ 7፣ ኮማል ዳ 8፣ ዳ 9፣ ኮማል ኒ 10፣ ኒ 11፣ የላይኛው ሳ 12 ይሆናሉ። ይህን ቁጥር ክራሩ አጠገብ ጽፋችሁ አስቀምጡት፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእሱ ነው የሚሄደው።

ሳ ቋሚ ቦታ የለውም። ወንድ ድምፃዊ በፒያኖው ከዶ እስከ ሬ አካባቢ፣ ሴት ድምፃዊት ከሶል እስከ ላ አካባቢ ይመርጣሉ። እናንተ ክራራችሁ ሳይጨነቅ የሚሸከመውን ያዙና መተግበሪያውን በዚያ ላይ አስተካክሉ። በጣም የተለመደው ስሕተት ታንፑራውን ባለበት ትቶ ክራሩን ወደ እሱ መጎተት ነው፤ ክር የሚበጠሰው በዚህ ጊዜ ነው።

የመቃኘቱ ቅደም ተከተልም ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ የታችኛውን ሳ፣ ቀጥሎ የላይኛውን ሳ፣ ሦስተኛ ፓን፣ ከዚያ የቀሩትን። ፓ በትክክል ሲገባ ከታንፑራው ጋር የነበረው መንቀጥቀጥ ይጠፋና ሁለቱ ድምፆች አንድ ይመስላሉ። ጋ ላይ ደግሞ መተግበሪያውን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። በጆሮ የሚስማማው ጋ ፒያኖው ከሚሰጠው በ14 ሴንት ያህል ዝቅ ይላል (አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው)፤ መርፌው መሃል ላይ ሲቆም ጋ ትንሽ ሾሎ የሚሰማችሁ ለዚህ ነው። ክሮቹ በክራሩ ላይ የሚደረደሩበት ቦታ ከመምህር መምህር ስለሚለያይ ከዚህ በኋላ “አንደኛ ክር” የምንለው ድምፁ ከሁሉ የወፈረውን ነው።

አራቱ ቅኝቶች ከነዘመዶቻቸው

ትዝታ ሜጀር፦ ሳ ሬ ጋ ፓ ዳ። ቁጥሩ 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9። ይህ በሰሜን ህንድ ቡፓሊ፣ በደቡብ ሞሃናም ነው። ከዚህ መጀመር ይሻላል፤ ቅጂውም በብዛት ይገኛል።

ትዝታ ማይነር፦ ሳ ሬ ኮማል ጋ ፓ ኮማል ዳ፣ ማለትም 0፣ 2፣ 3፣ 7፣ 8። የቅርብ ጎረቤቱ ሺቫራንጃኒ ነው። ልዩነታቸው አንድ ክር ብቻ ነው፦ ሺቫራንጃኒ ዳውን ከ8 ወደ 9 ያወጣል። ያንን አንድ ክር ግማሽ ድምፅ አውጡትና ሁለቱን አፈራርቃችሁ ምቱ። የህንድ ፊልም የኀዘን ዘፈን የሚመላለስበትን መንገድ ወዲያው ታውቁታላችሁ።

ባቲ ማይነር፦ ሳ ኮማል ጋ ማ ፓ ኮማል ኒ (0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10) ዳኒ ከሚባለው ራግ ጋር ይገጥማል፤ ደቡቦቹ ሹዳ ዳንያሲ ይሉታል። ባቲ ሜጀር፣ ሳ ጋ ማ ፓ ኒ (0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11)፣ በደቡብ ጋምቢራ ናታይ ነው፤ በቤተ መቅደስ ዑደት ፊት ናዳስዋራም የተባለው ረጅም ነፊ መሣሪያ የሚያሰማው የመክፈቻ ዜማ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ራግ ነው። ስለዚህ በደቡቡ ጆሮ ባቲ ሜጀር የአደባባይ፣ የመክፈቻ ድምፅ ነው። በእኛ ጆሮ ያለውን ስሜት እዚያ ይዞ መሄድ አያዋጣም።

አምባሰል፦ ሳ ኮማል ሬ ማ ፓ ኮማል ዳ (0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8)። ጉንካሊ ማለት ይህ ነው። የጠዋት ራግ ነው፣ የሚከብደው ኮማል ዳ ላይ፣ ቀጥሎ ኮማል ሬ ላይ ነው። ሁለቱ ድምፆች ቀጥ ብለው አይቆሙም፤ በዝግታ ይወዛወዛሉ። በክራር ይህን ማውጣት አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ማሲንቆ ያስፈልጋል።

አንቺሆዬ ብቻውን ነው። ሳ ኮማል ሬ ማ ቲቭራ ማ ዳ (0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9)። ፓ የለውም፣ ሁለቱ ማዎች ግን ጎን ለጎን ቆመዋል። ለብዙ የውጭ አድማጭ ይህ የሚያደናግር ነገር ነው። ሰሜን ህንድ ውስጥ ላሊት የሚባል ራግ አለ፤ እሱም ፓ የለውም፣ ሁለቱን ማ አከታትሎ ይጠቀማል። ላሊት ጋን እና ኒን ስለሚጨምር አንድ ናቸው አይባልም፤ የህንድ ተማሪ ብዙ ደክሞ የሚለምዳትን ያቺን ጠባብ እርምጃ ግን የአንቺሆዬ አድማጭ በልጅነቱ ያውቃታል። አንድ ተግባራዊ ነገር ከዚህ ይወጣል፦ ለላሊት ታንፑራው በፓ አይቃኝም፣ በማ እንጂ። አንቺሆዬን በታንፑራ ስትለማመዱም መተግበሪያውን “ማ” ላይ አድርጉት። ፓ ላይ ከተዋችሁት ከቲቭራ ማ ጋር በግማሽ ድምፅ ይጋጭና ክራሩ የተበላሸ ይመስላችኋል።

አምስት ድምፅ አንድ ቢሆንም ራጉ አንድ አይደለም

“ቡፓሊ ማለት ትዝታ ነው” ብሎ የሚያቆም ሰው ብዙ ነው። እዚህ ላይ መቆም ያሳስታል። ቡፓሊና ዴሽካር የሚባሉት ሁለት ራጎች ድምፃቸው ሳ ሬ ጋ ፓ ዳ ነው፣ አንድም ልዩነት የለውም። ህንድ ውስጥ ግን አንዱን ለሌላው የሚሰጥ የለም። ልዩነቱን በእጅ አውጥቶ ማየት ይቻላል።

ክራሩን ሳ ሬ ጋ ፓ ዳ የላይኛው ሳ አድርጋችሁ ቃኙ። ቡፓሊ ከሳ በታች ወዳለው ዳ መውረድ ስለሚወድ በዚህ አቃኛኝ አይመችም። ስለዚህ ታንፑራውን ሳትነኩ አንደኛውን ክር 3፣ ሁለተኛውን 2፣ ሦስተኛውን 2፣ አራተኛውን 3፣ አምስተኛውን 2፣ ስድስተኛውን 3 ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጉ። አሁን ያላችሁ የታችኛው ዳ፣ ሳ፣ ሬ፣ ጋ፣ ፓ፣ ዳ ነው። ግርፉን ተዉት፤ አንድ አንዱን ክር በጣት ምቱ። እንዲህ ሂዱ፦ ጋ ሬ ሳ፣ የታችኛው ዳ ሳ ሬ ጋ (እዚህ አራት ምት ያህል ቁሙ)፣ ፓ ጋ፣ ዳ ፓ ጋ ሬ ሳ። የምታርፉት ጋ ላይ ነው። ዳ ረዳቱ ነው። ዜማው ከመሃል ወደ ታች ያዘነብላል፣ ይረጋል።

አሁን ወደ መጀመሪያው አቃኛኝ መልሱትና ለዴሽካር እንዲህ ምቱ፦ ሳ ጋ ፓ ዳ (እዚህ ቁሙ)፣ የላይኛው ሳ፣ ዳ ፓ፣ ጋ ፓ ዳ ፓ፣ ከዚያ በፍጥነት ጋ ሬ ሳ። ሬ ላይ በፍጹም አትቁሙ፤ ሬ እዚህ መሸጋገሪያ ብቻ ነው። ማረፊያው ዳ፣ ረዳቱ ጋ ነው። ዜማው ከላይ ይኖራል። ሁለቱን በተከታታይ ስትመቱ ክሮቹ ያው ሆነው ሌላ መሣሪያ የያዛችሁ ይመስላል።

ይህ ካልተሰማችሁ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ሁሉንም ድምፅ እኩል እያስረዘማችሁ ነው። የማረፊያው ድምፅ ከሌላው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይቆይ። ሌላው ምክንያት የታንፑራው ድምፅ ከክራሩ ማነሱ ነው።

መቃኛ ሳይነካ ቤት መቀየር

ይህን ልምምድ በጣም እንወደዋለን፣ ምክንያቱም ክራር ለእሱ የተሠራ ይመስላል። በትዝታ ሜጀር የተቃኘ ክራር ክሩ ሳይነካ መነሻው ብቻ ሲቀየር አምስት ራግ ይሰጣል። መቀየር ያለበት የታንፑራው ሳ ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ክር ሳ ብላችሁ ታንፑራውን በዚያ ካደረጋችሁ ሳ ሬ ማ ፓ ኮማል ኒ ታገኛላችሁ፤ የዝናብ ወቅት ራግ የሆነው ሜግ በእነዚህ ድምፆች ነው የሚሄደው። ሦስተኛውን ሳ ብትሉ ሳ ኮማል ጋ ማ ኮማል ዳ ኮማል ኒ ይመጣል፣ ማልካውንስ። ይህኛው ፓ ስለሌለው ታንፑራው እንደገና ወደ ማ ይዞራል። አራተኛው ዱርጋን ይሰጣል፦ ሳ ሬ ማ ፓ ዳ። አምስተኛው ዳኒን፣ ማለትም ባቲ ማይነርን። በሜጀር ትዝታ የተቃኘ ክራር ይዞ ባቲ ማይነርን መጫወት የሚቻለውም ለዚሁ ነው።

ትዝታ ማይነር ላይም ተመሳሳይ ሥራ አለ። የፓውን ክር መነሻ ብታደርጉ አምባሰል ይወጣል። የኮማል ዳውን ክር መነሻ ብታደርጉ ደግሞ ሳ ጋ ቲቭራ ማ ፓ ኒ ይሆናል፣ የደቡቡ አምሪታቫርሺኒ። የደቡቡ ትልቅ ደራሲ ሙቱስዋሚ ዲክሺታር ኤታያፑራም በምትባል ድርቅ በመታት ከተማ በዚህ ራግ ዘምሮ ዝናብ እንዳወረደ ትውፊቱ ይናገራል።

ጉድለቱ የክሩ ቁጥር ነው። አምስተኛው ክር ሳ ሲሆን ከላዩ አንድ ክር ብቻ ይቀራል፣ ዜማው ወደ ላይ መውጫ ያጣል። ዜማውን ለማሲንቆ ወይም ለዋሽንት ስጡትና ክራሩ ሳን እየደጋገመ ይያዝ።

ማሲንቆ ለምን ይሻላል

ከህንድ መሣሪያዎች ለማሲንቆ የሚቀርበው ሳራንጊ ነው። ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል፣ ፊቱ በቆዳ ይለበጣል፣ በደጋን ይመታል፤ ሦስት ዋና ክሮችና ከሥራቸው ራሳቸውን ችለው የሚያስተጋቡ ከ30 በላይ ቀጫጭን ክሮች አሉት። ጣት ከላይ አይጫንም፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ሥጋ ከጎን ክሩን ይነካል። ሳራንጊን ብቻውን የመድረክ መሣሪያ ያደረገው ራም ናራያን ነው፤ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ከማንም በፊት እሱን ቢሰማ አይቆጨውም።

ሚንድ የሚባለው ከድምፅ ወደ ድምፅ ሳይቋረጥ መጎተት በማሲንቆ በተፈጥሮው አለ። ቦታውን ለማግኘት ክሩን ከላይ ከታሰረበት እስከ ቆዳው ላይ ቆሞ እስከሚሸከመው እንጨት ድረስ ለኩ። 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከላይ ስትለኩ ሬ በ5፣ ጋ በ9፣ ማ በ11 ከሩብ፣ ፓ በ15፣ ዳ በ18፣ የላይኛው ሳ በ22 ተኩል ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላሉ። ለአምባሰል የሚያስፈልጉት ኮማል ሬ በ2.8፣ ኮማል ዳ በ17 ገደማ ናቸው። የእናንተ ክር ሌላ ርዝመት ካለው በክፍልፋይ ሂዱ፦ ሬ አንድ ዘጠነኛ፣ ጋ አንድ አምስተኛ፣ ማ ሩብ፣ ፓ ሲሶ፣ ዳ ሁለት አምስተኛ፣ የላይኛው ሳ ግማሽ። በእርሳስ አንገቱ ላይ ምልክት አድርጉ። ጣት ክሩን ሲገፋ ስለሚወጥረው ድምፁ ከምልክቱ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ጣቱን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ላይ፣ ወደ ታሰረበት መውሰድ ያስተካክለዋል። ምልክቱን ከሳምንት ያለፈ አትደገፉበት፣ ጣቱን የምታዩ ከሆነ ጆሮ አይሠራም።

የጉንካሊውን ውዝዋዜ ለመልመድ ፓን ያዙና ወደ ኮማል ዳ በአንድ የደጋን ምት ተሻገሩ፤ እዚያ ስትደርሱ ጣቱን ከግማሽ ድምፅ ባነሰ ስፋት ሦስት ጊዜ በዝግታ አወዛውዙና ወደ ፓ ተመለሱ። ፈጥኖ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጉንካሊ ሳይሆን የሠርግ ቤት ማሲንቆ ይሆናል። እሱም ለቦታው ጥሩ ነው።

ሰዓቱ

የሰሜኑ ሙዚቃ ራግን ከቀኑ ሰዓት ጋር ያስራል። ቀንና ሌሊቱ ፕራሃር በሚባሉ ስምንት ክፍሎች፣ እያንዳንዱ በሦስት ሰዓት ይከፈላል፤ መጀመሪያው ፀሐይ ስትወጣ ስለሆነ ከእኛ ሰዓት ጋር ሳይፈናቀል ይሄዳል፦ ከጠዋቱ 12 እስከ 3፣ ከ3 እስከ 6 እያለ። ላሊት የሚደመጠው ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ነው። ጉንካሊ የጠዋት፣ ዴሽካርም የጠዋት፤ ቡፓሊ ከመሸ በኋላ እስከ 3 ሰዓት አካባቢ፤ ማልካውንስ ከእኩለ ሌሊት በኋላ። ሜግ በዝናብ ወቅት በማንኛውም ሰዓት ይፈቀዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ወሎ ላይ ለዚህ ይመቻል። ደቡቦቹ በመድረክ ላይ ይህን ያህል ለሰዓት አይጨነቁም።

ሰዓቱን ማክበር ግዴታ አይደለም። ለጀማሪ ግን ጠዋት ዴሽካርን፣ ማታ ቡፓሊን ለሳምንት ማድመጥ ሁለቱን ከመጽሐፍ በላይ ይለያቸዋል።

አንድ ሙሉ ቅጂ ሲደመጥ

በሰሜኑ የመሣሪያ ቅጂ መጀመሪያ አላፕ ይመጣል። ምት የለውም። ሙዚቀኛው ድምፆቹን አንድ በአንድ ከታች ወደ ላይ ያስተዋውቃል። እናንተ የምትሠሩት አንድ ሥራ ብቻ ነው፦ የት ላይ ያርፋል? ያንን ድምፅ በክራሩ ፈልጉትና ጻፉ። ከዚያ ጆር፣ ትርታ ይገባል፣ ከበሮ ግን ገና የለም። ቀጥሎ ጃላ፣ ፈጣኑ። ታብላ የሚባለው ጥንድ ከበሮ የሚገባው ጋት፣ በምት የታሰረው ድርሰት፣ ሲጀመር ነው። ደቡብ ላይ ሌላ ነው፤ የሚታወቁ ድርሰቶች ላይ ይቆማሉ፣ የደራሲው የትያጋራጃ (እ.ኤ.አ. 1767–1847) ክሪቲ የሚባሉ መዝሙሮች ከሁሉ ይበዛሉ፣ አጀቡ ቫዮሊንና ምሪዳንጋም የተባለው ባለ ሁለት ፊት ከበሮ ነው። ለአምባሰል ወዳጅ ሰሜኑ ይቀርበዋል ብለን እናምናለን፣ መጀመሪያውም ከዚያ ይሁን።

ምቱን በእጅ መቁጠር

ቲንታል የሚባለው የሰሜኑ የምት ዙር 16 ምት አለው፣ አራት አራት ሆኖ በአራት ይከፈላል። በ1 አጨብጭቡ፣ በ5 አጨብጭቡ፣ በ9 አታጨብጭቡ፣ መዳፍን ገልብጣችሁ ወደ ጎን አውጡ፣ በ13 አጨብጭቡ። የቀሩትን በጣት ቁጠሩ። ታብላው የሚለው ይህ ነው፦ ዳ ዲን ዲን ዳ፣ ዳ ዲን ዲን ዳ፣ ዳ ቲን ቲን ታ፣ ታ ዲን ዲን ዳ። ከ9 በኋላ የግራው ወፍራም ከበሮ ዝም ይላል፣ “ዲን” ወደ “ቲን” የሚለወጠው በዚያ ነው። ሲጠፋባችሁ ወፍራሙ የጠፋበትን ቦታ ጠብቁ፣ እዚያ 10 ብላችሁ ግቡ። በደቡብ የተለመደው አዲ ታላ 8 ነው፦ አንድ ጭብጨባ፣ ትንሿ ጣት፣ ቀለበት ጣት፣ መሃል ጣት፣ ከዚያ ጭብጨባ፣ ግልበጣ፣ ጭብጨባ፣ ግልበጣ።

ቀርፋፋው የድምፅ ዘፈን (ካያል) ላይ በጣት መቁጠር አትሞክሩ። 12 ምት ያለው ኤክታል አንዱ ምት 4 ሰከንድ ቢወስድ ሙሉ ዙሩ 48 ሰከንድ ይሆናል፤ ማንም ሳይሳሳት አይቆጥረውም። ይልቅ ድምፃዊው በየዙሩ መጨረሻ የሚደግማትን አጭር ሐረግ ያዙ። እሷ ሁልጊዜ ወደ 1 ትወድቃለች። መንዙማ ላይ ተቀባይ ሆኖ ያደገ ሰው መቼ እንደሚገባ ቆጥሮ አይደለም የሚያውቀው፤ ይህም እንደዚያ ነው።

ቲሃይ የሚባለውን ጨዋታ ካወቃችሁ አዳራሹ ለምን “ዋህ!” እንደሚል ይገባችኋል። አንድ ሐረግ ሦስት ጊዜ ይደገምና የመጨረሻው ምት በትክክል 1 ላይ ያርፋል። ሒሳቡን በቲንታል ሞክሩት፦ አምስት ምት ያለው ሐረግ፣ በመሃል አንድ ምት ዝምታ። 5 እና 1፣ 5 እና 1፣ 5፣ ድምሩ 17። ከ1 ከጀመራችሁ የመጀመሪያው ሐረግ በ5፣ ሁለተኛው በ11፣ ሦስተኛው በ17 ያልቃል፤ 17ኛው የቀጣዩ ዙር 1 ነው። ዝምታውን ከዘለላችሁ 15 ላይ ትወድቃላችሁ፣ ሰውም ፊቱን ያዞራል።

ውዝዋዜውና ሥዕሉ

የህንድ መንግሥት የኪነ ጥበብ አካዳሚ ክላሲካል ብሎ የሚያውቃቸው ስምንት ጭፈራዎች ናቸው፦ ባራታናትያም፣ ካታክ፣ ካታካሊ፣ ኩቺፑዲ፣ ኦዲሲ፣ ማኒፑሪ፣ ሞሂኒያታም፣ ሳትሪያ። በዓይን ለመለየት ከጉልበት ጀምሩ። ባራታናትያም ላይ ጉልበቱ ወደ ጎን ታጥፎ ወገብ ዝቅ ይላል፣ ጣቶቹ ይናገራሉ፤ የጥንቱ መመሪያ የአንድ እጅ ምልክቶችን 28 ያደርሳቸዋል። ካታክ ላይ ሰውነት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሥራው እግር ላይ ነው፣ በአንድ እግር 100 እና ከዚያ በላይ ቃጭሎች ይታሰራሉ። እስክስታ ለለመደ ዓይን ትከሻውን መፈለግ ደመ ነፍስ ነው፤ እዚህ ትከሻው ይረጋል፣ ስለዚህ እግሩን በጆሮ፣ እጁን በዓይን ያዙ። ካታክ ሲታይ ከላይ ያለው የ17 ሒሳብ ሳይለወጥ ያገለግላል፤ ተወዛዋዡ ሐረጉን በአፉ ብሎ ከዚያ በእግሩ ይደግመዋል።

ራግን የሚሥሉ ሥዕሎችም አሉ፣ ራጋማላ ይባላሉ። ከ16ኛው እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በራጃስታን፣ በደካንና በሂማላያ ግርጌ ተሠርተዋል። በተለመደው አደራደር 6 ራጎች እንደ አባወራ፣ እያንዳንዳቸው 5 ሚስቶች፣ ጠቅላላ 36 ሥዕል ነው። አንዳንዱ ወዲያው ይለያል፦ ቪና የሚባል ባለ ክር መሣሪያ ይዛ ሚዳቋዎች የከበቧት ሴት ቶዲ የተባለው ራግ ናት፤ በጥቁር ደመና ሥር የሚጨፍር ሰማያዊ አካል ሜግ ነው። የማይለየውን ከላዩ ወይም ከጀርባው የተጻፈው ስም ይነግራል። ከሥዕሉ ተነሥታችሁ ክራር ለመቃኘት ግን አትሞክሩ፤ ያኔ ሥዕሉ ሲሣል በዚያ ስም የሚጠራው ራግና ዛሬ በዚያው ስም የሚዜመው ብዙ ጊዜ ድምፃቸው አይገጥምም።